ከአጋሰስ እስከ ኮምፒውተር፦ የሠራዊት ስንቅ ሙያ እንዴት ተለወጠ?

ስለ ጦርነት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው የጀግናውን ስም፣ የጠመንጃውን ዓይነትና የድሉን ቀን ነው። ሠራዊቱ በዚያ ዕለት ምን በልቶ እንደዋለ፣ ጥይቱንስ ማን ተሸክሞ እንዳደረሰለት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስንቅንና ትጥቅን በሚፈለገው መጠን፣ ጊዜና ቦታ የማድረስ ተግባር ዛሬ ሎጂስቲክስ የሚል ስም ወጥቶለት በትምህርት የሚገኝ ሙያ ሆኗል። ሥራው ራሱ ግን የጦርነትን ያህል ያረጀ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሙያው በአገራችን፣ በተለይም በጎጃም ደጋ፣ ያለፈበትን ጉዞና ከበስተጀርባው ያለውን ሳይንስ እንመለከታለን።

የበሶና የድርቆሽ ሳይንስ

በቀድሞው ዘመን ክተት ሲታወጅ ወታደሩ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። ከደብረ ወርቅ፣ ከብቸና ወይም ከሞጣ ለሚነሣ ዘማች ስንቁን የምታሰናዳው የቤቱ እመቤት ነበረች። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ዋነኞቹ ናቸው። ምርጫው በሳይንስ ዓይን ሲታይ ያስደንቃል። ከእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ስለዚህ እንጀራ የያዘ መንገደኛ ከምግቡ ይልቅ ውኃ ተሸክሞ ይጓዛል፤ በጥቂት ቀናትም ይሻግትበታል። ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ግን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሻጋታና ባክቴሪያም የሚባዙበትን እርጥበት ያጣሉ። በሶ ደግሞ አስቀድሞ ከተቆላ ገብስ ስለሚዘጋጅ በውኃ ከመለወስ በቀር እሳት አይሻም፤ ጢስ ተነሥቶም የሰፈሩበትን ቦታ ለጠላት አያሳብቅም።

አውሮፓውያንም በዚሁ ችግር ተጨንቀዋል። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፐር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውኃ በማሞቅ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ በማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ1810 ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ተሸልሟል። የዛሬው የቆርቆሮ ምግብ መነሻ ይህ ነው።

የበቅሎዋ ስሌት

አንድ ወታደር በቀን 1 ኪሎ ግራም ደረቅ ምግብ ይበቃዋል እንበል። ለ100,000 ሰው በየቀኑ 1,000 ኩንታል ያስፈልጋል። አንዲት በቅሎ 1 ኩንታል ብትሸከም ለአንድ ቀን ቀለብ ብቻ 1,000 በቅሎዎች መጫን አለባቸው። ይሁን እንጂ በቅሎዋም ትበላለች። ግጦሽ በሌለበት መንገድ እርሷ በቀን 4፣ ነጂዋ 1 ኪሎ ግራም ቢመገቡ፣ የአምስት ቀን መንገድ ደርሰው እስኪመለሱ 50 ኪሎ ግራም ይጨርሳሉ። ለሠራዊቱ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። የአሥር ቀን መንገድ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ በሙሉ በመንገድ ያልቃል።

በእንስሳት ጫንቃ የሚጓዝ ሠራዊት ባለፈበት አገር ጎተራ ላይ የሚወድቀው ስለዚህ ነው። ጎጃም ይህን በመራራ ተሞክሮ ታውቀዋለች። በ1881 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ለመቅጣት በዘመተ ጊዜ የገበሬው እህልና ከብት የዘማች ቀለብ ሆነ። በዚያው ሰሞን የገባው የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ሲፈጅ፣ «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወሰው ረሃብ በአገሪቱ በረታ።

በአድዋ ዘመቻም የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር የነበረበት የኢትዮጵያ ሠራዊት ስንቁ እየተሟጠጠ ነበር። የጄኔራል ባራቲዬሪም ጦር እንዲሁ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጦርነቱ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሁለቱም ወገን የስንቅ እጥረት ነው። ከዚያ አስቀድሞ በመቀሌ ምሽግ የተከበበውን የጣሊያን ጦር ያንበረከከው የውኃው ምንጭ መያዝ ሲሆን፣ የዚህ ብልሃት ባለቤት እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። እህል ፈጪዎች፣ ውኃ ቀጂዎች፣ እንጨት ለቃሚዎችና የአጋሰስ ነጂዎች የዚያን ዘመን የሎጂስቲክስ ባለሙያዎች ናቸው፤ ስማቸውን ግን የመዘገበ የለም ማለት ይቻላል።

ግመል በደጋ

በፋሺስት ወረራ ዘመን አርበኛው መደበኛ ስንቅ ቤት አልነበረውም። የሚመግበው ገበሬው ነበር፤ የሚታጠቀውም በአመዛኙ ከጠላት የማረከውን ነው። በሸዋ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች መሣሪያ በድብቅ ያደርሱ ነበር፤ እርሷም በዚህ ተግባሯ ወደ ጣሊያን ተግዛ ታስራለች።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበሩን ሲሻገሩ፣ በጎጃም በኩል ለዘመተው ጦር ጭነት የሚሆኑ 15,000 ያህል ግመሎች ተሰማርተው ነበር። ይሁን እንጂ የግመል ሰኮና ለስላሳና ለአሸዋ የተመቸ በመሆኑ የጎጃምን ድንጋያማ አቀበት አልቻለም። ብርዱ፣ የጭነቱ ብዛትና ያልለመዱት ግጦሽ ተጨምሮ ግመሎቹ በመንገድ አለቁ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ሲገቡ የዚህ ጉዞ ዱካ የግመል አጥንት ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሱት ሃምሳ ያህል ብቻ እንደሆኑ ይነገራል። ማጓጓዣው ከመልክዓ ምድሩ ጋር ካልተጣጣመ ብዛት ብቻውን እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ከጫንቃ ወደ ቀመር

በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ሲዘምት ጉዞው ከጅቡቲ በመርከብ ሆነ። ትጥቁም ሆነ አቅርቦቱ በአሜሪካ ሠራዊት ሥርዓት የሚመራ ነበር። ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ የነበረው ወታደር በአንድ ትውልድ ውስጥ በመጋዘን ቁጥርና በመጠየቂያ ቅጽ የሚመገብ ሆነ። ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ የመጋዘን ሠራተኛውና የነዳጅ ባለሙያው የአጋሰስ ነጂውን ቦታ ወረሱ።

ቀጣዩን ለውጥ ያመጣው ሒሳብ ነው። ለአሜሪካ አየር ኃይል የእቅድ ሥራ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ዳንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ሲምፕሌክስ የተባለውን ዘዴ ቀመረ። ሦስት መጋዘኖችና አምስት የጦር ሰፈሮች ቢኖሩ፣ ከየትኛው ወደ የትኛው ምን ያህል ብንልክ ወጪው ያንሳል? ተማሪዎች በሊኒየር ፕሮግራሚንግ ትምህርት የሚያገኙት ይህ ጥያቄ መልሱ ዛሬ በኮምፒውተር በቅጽበት ይሰላል። ያው ስሌት የእርዳታ እህልን ለተራበ፣ ክትባትንም ሳይሞቅ ለገጠር ጤና ጣቢያ ለማድረስ ያገለግላል።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ የሚያልፈው መንገድ ዛሬ የጭነት መኪና ይሄድበታል። በሶ አዘጋጅተው ዘማች ሸኝተው የነበሩ እናቶችን ታሪክ ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችም በየመንደሩ አሉ። እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ በዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትመለሱ ጠይቋቸው፤ የተሸከሙትን ክብደት፣ የሄዱበትን ርቀትና የፈጀባቸውን ቀን መዝግቡ። ያልተጻፈው የሙያው ታሪክ ያለው እነርሱ ዘንድ ነው።