ከበዓሉ ዕለት ባሻገር፦ የበጎ ፈቃድ አገልግሎትና የመገናኛ ብዙኃን ሽፋን

አገር አቀፍ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በዓል ሲከበር ከአዘጋጆቹ ዋና ዋና ተግባራት አንዱ የመገናኛ ብዙኃንን ትኩረት ማግኘት ነው። ሽፋኑ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞችን ይስባል፤ ለደከሙትም ዕውቅና ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ በዓላት ከመክፈቻ ንግግርና ከምስክር ወረቀት አሰጣጥ ያላለፈ አጭር ዜና ሆነው ይቀራሉ።

የዚህ ምክንያት አንድ ክስተት ዜና ለመሆን የሚበቃበት መመዘኛ ነው። ኖርዌያውያኑ ተመራማሪዎች ዮሃን ጋልቱንግና ማሪ ሆልምቦ ሩገ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት ከመመዘኛዎቹ መካከል የክስተቱን ግዝፈት፣ የትርጉሙን ግልጽነት፣ ያልተጠበቀ መሆኑንና ለተቀባዩ ያለውን ቅርበት ጠቅሰዋል። በየዓመቱ በተመሳሳይ ሥርዓት የሚከበር በዓል አብዛኞቹን አያሟላም፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ንግግሩም የተለመደ ነውና።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው የአረንጓዴ አሻራ የችግኝ ተከላ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ዕቅዱ በአንድ ቀን 200 ሚሊዮን ችግኝ መትከል ሲሆን፣ መንግሥት በ12 ሰዓታት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉን አስታወቀ። ቁጥሩ ግዙፍ፣ ድርጊቱ ለካሜራ የሚመች፣ ተሳታፊውም በየአካባቢው የሚገኝ ሕዝብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በህንድ የኡታር ፕራዴሽ ግዛት በአንድ ቀን ከተተከለው 50 ሚሊዮን ገደማ ችግኝ ጋር መነጻጸሩም ለዜናው የክብረ ወሰን ፉክክር መልክ ሰጠው። ወሬው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በዓለም አቀፍ የዜና አውታሮች ተሰራጨ።

ሽፋኑን ያስገኘው ቁጥር ጥያቄም አስነሣ። ቢቢሲን ጨምሮ የውጭ መገናኛ ብዙኃን ይህን ያህል ችግኝ እንዴት እንደተቆጠረና ምን ያህሉ እንደሚጸድቅ መጠየቅ ጀመሩ። ጥርጣሬው ቁጥሩን ያስታወቀውን አካል ብቻ የነካ አልነበረም። በዝናብ ጉድጓድ ሲቆፍር የዋለው በጎ ፈቃደኛ ድካምም አብሮ ጥያቄ ውስጥ ገባ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አኃዝ መነገር የለበትም የሚል አይደለም። በመጀመሪያ፣ አኃዝ ከአቆጣጠሩ ጋር ሊቀርብ ይገባል፤ ማን፣ የትና በምን ዘዴ እንደቆጠረው በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ከሰፈረ ጋዜጠኛው ራሱ ሊያጣራው ይችላል። ሁለተኛ፣ አገራዊው ድምር በየወረዳው ሊዘረዘር ይገባል፤ የአካባቢ ሬዲዮ አድማጭ ከሚሊዮኖች ይልቅ የሚያውቀው ኮረብታ ምን እንደሆነ መስማት ይሻል። ሦስተኛ፣ ንግግሩ ከባለሥልጣናት ይልቅ ሥራውን ለሠሩትና አገልግሎቱ ለደረሳቸው ሰዎች ቢተው ዘገባው ነፍስ ይዘራል።

ከሁሉም በላይ ግን ሽፋኑን የሚያዘልቀው ክትትል ነው። የተተከለው ችግኝ የጽድቀት መጠን በቀጣዩ በጋ ቢቆጠር፣ በክረምት የተጠገነው የአረጋውያን ቤት በሚቀጥለው ዝናብ ማፍሰስ አለማፍሰሱ ቢታይ፣ አንዱ ተግባር ሁለተኛ ዜና ይወልዳል። ውጤቱ ከተጠበቀው ያነሰ ቢሆን እንኳ ጉድለቱን አስቀድሞ የሚናገር አዘጋጅ በሚቀጥለው ዓመት ጋዜጠኛን ሲጋብዝ ይታመናል። የበጎ ፈቃደኛውም ድካም ከጥርጣሬ የሚጠበቀው በዚህ መንገድ ነው።