የደጋ አየርና የሞተር ቀኖና

በሆሳዕና ከተማ የናፍጣ ሞተር በመጠገን የሚተዳደር ሰው ስለ መኪና እሽቅድምድም ብዕር ማንሣቱ ለአንዳንዱ አንባቢ ድፍረት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን የውድድሩን ሥርዓት የሚደነግጉት ሊቃውንት አብዝተው የሚከራከሩበት ነገር፣ ይኸውም ለአንድ ሞተር ምን ያህል አየር ይፈቀድለት የሚለው፣ እኔንም በየማለዳው በጋራዤ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ነው።

ከቤት መኪና ተሻሽለው በተሠሩ ተሽከርካሪዎች የሚደረገው የቱሪንግ መኪና ውድድር፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በወጣለት ቀኖና መሠረት፣ ሞተሩ ከ2 ሊትር እንዳይበልጥ፣ ቱርቦ እንዳይገጠምለት፣ በደቂቃም ከ8,500 ዙር እንዳያልፍ ተወስኖበት ነበር። ኋላ በዓለም ሻምፒዮና ላይ ለናፍጣ ሞተር ቱርቦ ቢፈቀድለት፣ ሴአት ሊዮን የተባለው መኪና ተወዳዳሪዎቹን፣ በ2008 ኢቫን ሙለርን፣ በ2009 ጋብሪኤሌ ታርኩዊኒን፣ ለአክሊል አበቃ፤ በ2011ም ለቤንዚኑ የ1.6 ሊትር ቱርቦ ሞተር ተደነገገ። በእነዚያ በ2008ና በ2009 ከተወዳደሩባቸው ስፍራዎች አንዱ የሜክሲኮው ፑዌብላ ሲሆን፣ ከፍታው እንደ እኛው ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው።

በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 77 እጅ ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አምስተኛውን እጅ ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ተነጥቋል። ከዶዮገና ድንች ጭኖ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ግን ይህን ምሥጢር አይቀበለኝም፤ «ጋሼ፣ ዳገት ላይ አልጎትት ብሎኛል፤ ፓምፑን ትንሽ ይክፈቱልኝ» ይላል። ፓምፕ መክፈት ናፍጣ ማብዛት ነው፤ የጎደለው ግን አየር ስለ ሆነ፣ ትርፉ ናፍጣ ከፊሉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ከፊሉም ዘግይቶ እየነደደ የፒስተኑን ራስ ያግላል፣ ውሎ አድሮም ጓርኒሲዮን ያስበላል፣ ቴስታታ ያጣምማል። ስለዚህ ፓምፑን ከመንካቴ በፊት የአየር ፊልትሮውን አወጣለሁ፤ በመዳፌ መታ መታ ሳደርገው የበጋው ኮረኮንች አቧራ እንደ ዱቄት ይራገፋል። ብዙ ጊዜ በሽታው እዚያው ያልቃል፤ ሾፌሩ ግን በፊልትሮ ብቻ መሸኘቱን እንደ ንቀት ይቆጥረዋል።

ከሆሳዕና ዱራሜ ለሚመላለስ መኪና ምረጥ ብባል፣ ግፊቱ በልክ የተያዘ ቱርቦ ያለውን የናፍጣ ሞተር እመርጣለሁ፤ ቱርቦ በሚወጣው ጭስ ጉልበት እየዞረ የሣሣውን አየር አምቆ ያስገባልና። የእሽቅድምድም ሞተር በየጊዜው ተፈትቶ ይታደሳል፤ የእኛ ግን ዓመታት ይጠበቅበታል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው የቱርቦ ዘንግ የሚኖረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሾፌሮቻችን ዳገቱን ጨርሰው እንደ ቆሙ ቁልፉን ያዞራሉ፤ ዘይቱም እዚያው ተቃጥሎ ይከስላል። ቱርቦው ሲሞት አስወልቀው ቀዳዳውን የሚያስደፍኑ ባለንብረቶች አሉ፤ ይህን ሥራ አልቀበልም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መከልከሉ ሲሰማ፣ ሥራህ አለቀ ያሉኝ ነበሩ። በእርግጥ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ አይገዛውም፤ የድንቹ አይሱዙ ግን ገና ለብዙ ዘመን በናፍጣ ስለሚሄድ፣ ለሾፌሩ የምነግረው ያው ነው፦ ፊልትሮውን በየጊዜው ያራግፍ፣ ቱርቦ ያለውንም ከዳገት በኋላ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ያቆየው።