መኪናዋን ዝቅ ከማድረግህ በፊት

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ወር ፍራንክፈርት የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ልጇ እዚያው ተወልዶ ያደገ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። ሥራ በያዘ በዓመቱ ከደመወዙ ቆጥቦ አንዲት ያገለገለች ጎልፍ ጂቲአይ ገዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተመረተች፣ 190 ሺሕ ኪሎ ሜትር የሮጠች ቀይ መኪና ናት። እራት በልተን ቡና ሲቀርብ ስልኩን አውጥቶ የአንድ ዕቃ ፎቶ አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ ይኼን ልገዛ ነው። መኪናዋን ስድስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያደርጋታል። ዋጋው 280 ዩሮ ብቻ ነው» አለኝ።

እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ መካኒክነት አይደለም። ይሁን እንጂ ሠላሳ ዓመት ያህል ያረጁ መኪኖችን ስነዳ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ ያሳለፍኩት ጊዜ ፍርድ ቤት ደጃፍ ካሳለፍኩት አያንስም። «ቆይ፣ ገና አትክፈል» አልኩት። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ሳምንታት የአጎትና የእህት ልጅ ክርክር ሆኑ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። «አዲስ አበባ ላለነው ምን ይረባናል?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ። እኛ መኪና ዝቅ ባናደርግም ከፍ እናደርጋለን፤ ነገሩም አንድ ነው።

በመጀመሪያ ለልጁ ፍትሐዊ እንሁን። ፍላጎቱ ጉራ ብቻ አይደለም። ጂቲአይ የምትባለው ጎልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እዚያው ፍራንክፈርት በተካሄደው የመኪና ትርኢት ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ፋብሪካው 5,000 ብቻ ሠርቶ ሊያቆም ነበር ሐሳቡ፤ ገዢው ግን አላቆመም። ከሌሎቹ ጎልፎች የተለየችው በሞተሯ ብቻ ሳይሆን መንገድ ላይ በምትቀመጥበትም ሁኔታ ነበር። መኪና ወደ መሬት ሲጠጋ የክብደቱ ማዕከል ይወርዳል፤ ኩርባ ላይ ወደ ጎን መጋደሉም ይቀንሳል። ስለዚህ በልኩ ዝቅ ማድረግ ጥቅም አለው። ጥያቄው «በልኩ» የሚለው ቃል ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ በስንትስ ገንዘብ ይገኛል የሚለው ነው።

ሞላው ይሸከማል፣ ሾኩ ይገታል

ብዙ ሰው ሞላንና ሾክ አብዞርበርን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ሞላው የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ጉድጓድ ሲገጥም ይታመቃል፣ መልሶም ይዘረጋል። ብቻውን ቢተው ግን እንደ ሕፃን ልጅ ሲዘል ይውላል። ይህን ዝላይ የሚገታው ሾኩ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ እንዲያልፍ እየተገደደ የሞላውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ሞላ አልፎ አልፎ ይሰበራል፣ በመጠኑም ይደክማል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። ሾክ ግን ያልቃል። የሚያልቀው ደግሞ በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሆነ ባለቤቱ ሳያውቀው ይለምደዋል። 190 ሺሕ ኪሎ ሜትር ሮጣ የፋብሪካ ሾኳ ያልተቀየረላት መኪና፣ ሾኩ ቢኖርም የለም ማለት ይቻላል። እኔም ልጁን በመጀመሪያ የጠየቅሁት «ሾኩ ተቀይሮ ያውቃል ወይ?» ብዬ ነው። አላወቀም። በማግስቱ ጠዋት ወርደን አየነው። የኋላው የቀኝ ሾክ በዘይት ርሷል። የኋላ ጎማዎቹን በእጄ ስዳብሳቸው ፊታቸው ወጣ ገባ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም ጎማው መንገዱን አጥብቆ ከመያዝ ይልቅ ሲነጥር እንደከረመ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ነው የርካሽ ነገር ወጥመድ የሚጀምረው። ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ከፋብሪካው ሞላ ያጠረ ነው። ካጠረ ደግሞ የመታመቂያ ቦታው ስለሚቀንስ ጠንከር ተደርጎ ይሠራል። ጠንካራ ሞላ የሚመልሰው ጉልበት ከፍ ስለሚል እሱን የሚገታ ጠንካራ ሾክ ይፈልጋል። ሞላውን ብቻ ገዝቶ ባለቀ ሾክ ላይ መግጠም ማለት ጉልበተኛ በሬ አምጥቶ በበሰበሰ ቀንበር እንደ መጥመድ ነው።

ሦስት አማራጮች

አነስተኛ ገንዘብ ላለው ሰው ገበያው ውስጥ ያሉት አማራጮች ባጭሩ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሞላ ብቻ መቀየር ነው። እንደ አይባኽና ኤች ኤንድ አር ያሉ የጀርመን ስመ ጥር አምራቾች የሚሠሩት የአራት ሞላ ስብስብ በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ዩሮ ይሸጣል። ሾካቸው አዲስ ለሆነ መኪኖች፣ ዝቅታውም ወደ 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ይህ ክፉ ምርጫ አይደለም። ብዙ ለሮጠች መኪና ግን አይሆንም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሾክ ለመቀየር ያንኑ ሥራ እንደገና ማስፈታት ይመጣልና የጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ሁለተኛው ከፍታው በጥርስ እየተሽከረከረ የሚስተካከል፣ ሞላና ሾክ አንድ ላይ ሆኖ የሚመጣ ዕቃ ነው። ልጁ ያሳየኝ ይህንኑ ነበር። ጥሩው ዓይነት በጣም ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1,000 ዩሮ ያልፋል። በ280 ዩሮ አራት ሾክ፣ አራት ሞላና የማስተካከያ ጥርስ ሲሸጥ፣ አምራቹ ገንዘቡን የቆጠበው ከየት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚቆጠበው በዓይን ከማይታየው ከሾኩ ውስጥ ነው። በተጨማሪም በጀርመን ክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ርካሹ ጥርስ በሁለት ክረምት ዝጎ ይያዛል። ያን ጊዜ «የሚስተካከል» የሚለው ስም ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ እኔ የደገፍኩት፣ መጠነኛ ዝቅታ ያለው ሞላ ከእሱ ጋር ከሚስማማ አዲስ ሾክ ጋር መግዛት ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ሾኮች ርዝመታቸው ይለያያል። ለምሳሌ ቢልሽታይን ቢ6 የሚለው ሾክ ለፋብሪካው ከፍታ የተሠራ ሲሆን፣ ቢ8 የሚለው ግን ዝቅ ለተደረገ መኪና ታስቦ ያጠረ ነው። ያጠረ ሞላ ላይ ረጅም ሾክ ከተገጠመ፣ ሾኩ ሁልጊዜ ከመካከሉ በታች ተጨፍልቆ ይሠራል፤ ቶሎም ያልቃል።

ልኬትም እንዲሁ ነው። የአምስተኛው ትውልድ ጎልፍ የፊት ሾክ መያዣ 50 ሚሊ ሜትርና 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት ዓይነት አለው፤ ሳይለኩ ያዘዙ ሰዎች ዕቃ ሲመልሱ ይከርማሉ። ሻጩ «30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያደርጋል» ሲልም ከምን ተነስቶ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጂቲአይ ስትወለድም ከተራው ጎልፍ 15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለች ናት። ስለዚህ ከተራው ጎልፍ የተቆጠረ 30 እሷ ላይ 15 ብቻ ይሆናል።

ስድስት ሳንቲ ሜትሩስ? ልጁን ያሳመንኩት ወረቀት ላይ ሥዬለት ነው። የፊት ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድ በፋብሪካው ከፍታ ላይ ከጎማው ወደ መኪናው አካል ሲታይ በትክክለኛ አቅጣጫ ይቀመጣል። መኪናዋ ከልክ በላይ ስትወርድ ክንዱ ጫፉን ወደ ላይ ያቀናል። ያን ጊዜ መኪናዋ ኩርባ ላይ የምትጋደልበት ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል በባሰ ፍጥነት ይወርዳል፤ መጋደሏም ይቀንሳል ሲባል ይጨምራል። ጎማዎቹም ወደ ውስጥ ይጋደሙና ውስጣዊ ጠርዛቸው ይበላል። ለዕይታ የወረደች መኪና ከማትወርደው የባሰች ነጂ ትሆናለች ማለት ነው።

የማይታየው ሒሳብ

የዕቃው ዋጋ የሒሳቡ ግማሽ ነው። ብዙ በሮጠች መኪና ላይ ሾኩ ከተፈታ አይቀር የሾኩ የላይኛው መቀመጫ ላስቲክና ኩሽኔታ፣ የመጨረሻ መግቻው ላስቲክ፣ የአቧራ መከላከያው፣ የማመጣጠኛው ዘንግ ማያያዣዎች አብረው መቀየር አለባቸው። ከታችኛው ክንድ ላይ ያለው ቦኮላ፣ ማለትም ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገባው ላስቲክ፣ ከተሰነጠቀ እሱም እንዲሁ። አንዳንዶቹ ብሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ እንዲተኩ ፋብሪካው ያዛል።

አንድ መካኒክ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ፣ ብዙዎች ግን የሚዘነጉት ነገር ላክል። የክንዶቹ ብሎኖች የመጨረሻ መጥበቂያቸው መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ መሆን የለበትም። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው መጥበቅ ያለበት። ከዚያ አላይመንት ይከተላል። ራሱን የሚያስተካክል የዜኖን መብራት ላላት መኪናም የመብራቱ ከፍታ እንደገና መስተካከል አለበት፤ አለዚያ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል።

ሕጉስ ምን ይላል?

የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው ስለሆንክ ነው ነገር የምታከብደው» ብሎኝ ነበር። አገሩ ግን ከእኔ የባሰ ሆኖ አገኘው። በጀርመን የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት፣ አደጋ ሊያስከትል የሚችል ለውጥ የተደረገበት መኪና የመንገድ ላይ ፈቃዱን ያጣል። ፈቃዱ እንዳይታጣ ለሞላው ወይም ለሙሉ ስብስቡ የተሰጠ የባለሙያ ማረጋገጫ ሰነድ፣ ለዓመታት «ታይልጉታኽተን» እየተባለ ሲታወቅ የኖረው ወረቀት፣ ወይም ተመጣጣኝ ፈቃድ መኖር አለበት። መኪናው እንደተገጠመለት ወደ ቲዩፍ ወይም ደክራ ይወሰዳል፤ መርማሪው በሞላው ላይ የታተመውን ቁጥር ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል፤ ጎማው መሪው ሲዞር አካሉን አለመንካቱን ያያል፤ ከዚያ ይፈርማል።

280 ዩሮ የሚባለው ዕቃ ሻጭ ዘንድ ደውለን ሰነዱን ጠየቅን። የለውም። ክርክሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነበር። ሰነድ የሌለው ዕቃ ፈቃድ ያሳጣል፤ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ገንዘቡን እንዲመልስ ሊጠይቀው ይችላል። ዕቃው ርካሽ የሆነው ማንም ስላልፈተሸው ነው።

ልጁ አራት ወር ታገሠ። በኅዳር ወር ደውሎ ሒሳቡን ነገረኝ፤ 30 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ሞላና ያጠረ ሾክ በአንድ ላይ 640 ዩሮ፣ ላስቲኮችና ብሎኖች 130፣ ሰው ራሱ እየሠራ በሰዓት የሚከፍልበት የኪራይ ጋራዥ 60፣ አላይመንት 90፣ ምርመራ 70። ድምሩ 990 ዩሮ ነው። «ግን ጋሼ» አለኝ፣ «መኪናዋ አዲስ ሆነች። ዝቅ ማለቷንማ ረሳሁት።»

ወደ አገራችን ስንመለስ

የእኔ ምክር ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመት ግድም የነበረችኝ ኮሮላ ሆዷ መንገድ እየነካ ስላስቸገረኝ አንድ ጋራዥ ወስጄ ነበር። ሞላው ላይ ስፔሰር አስገብተው ከፍ አደረጉልኝ። ሾኩ ማለቁን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በወሩ ከአዳማ ስመለስ ከፊቴ የነበረ አይሱዙ ድንገት ቆመ። ፍሬን ስይዝ መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ተነሣች፣ ደግማ ደፋች፤ ጎማዎቹ መሬቱን እየያዙ እየለቀቁ ወደ ግራ ሳበችኝ። ባለቤቴ ከጎኔ ነበረች። የቆምነው ከአይሱዙው ኋላ አንድ ክንድ ሲቀረን ነው። ጎማ የሚያቆመው መሬት ሲነካ ብቻ መሆኑን ያኔ ተማርኩ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ በኋላም የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ አንባቢ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬ የያዝናቸውን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንነዳቸዋለን። ከፍ ለማድረግም ሆነ ዝቅ ለማድረግ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ያለቀውን ሾክ እንቀይር። ሾክ ሲቀየር ደግሞ ጥንድ ጥንዱን ይሁን፤ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግ መኪናን ማንከስ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። በችሎት ፊት «ጋራዡ ነው እንዲህ ያደረገው» ማለት ለተጎጂው መልስ አይሆንም። የመኪናዋን ቁመት የሚወስነው ባለቤቷ ነው፤ መዘዙንም የሚሸከመው እሱ ነው።