በስብዕና ፈተና እንቅጠር ወይ?

ከሰሞኑ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው፦ «አመልካቾችን ኤምቢቲአይ አስፈትነን ብንቀጥርስ?»

አጭሩ መልሴ፦ ተዉት።

ኤምቢቲአይ ሰውን ከ16 የስብዕና ዓይነቶች በአንዱ የሚመድብ መጠይቅ ነው። ያዘጋጁት አሜሪካውያኑ እናትና ልጅ፣ ካትሪን ብሪግስና ኢዛቤል ማየርስ ናቸው፤ መነሻቸውም ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሁለቱም የሥነ ልቦና ባለሙያ አልነበሩም። ይሁን፣ እሱ ብቻውን ነውር የለውም። ግን መጠይቁን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ «ለቅጥር አትጠቀሙበት» እያለ እኛ ምን አስጨነቀን?

«ውጤቱ እኮ ቁልጭ አድርጎ ገለጸኝ» የሚለኝ አይጠፋም። በርትራም ፎረር የሚባል መምህር በ1948 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹን የስብዕና ፈተና ፈትኖ ለየአንዳንዳቸው «ውጤትህ» ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ሲጠየቁ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ወረቀቱ የሁሉም አንድ ነበር፤ አብዛኛውንም የለቀመው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

ደግሞስ ሥራ ፈላጊ ሞኝ ነው እንዴ? «በቡድን መሥራት ያስደስትሃል?» ሲባል «ኧረ እኔ ብቻዬን ነው የሚሻለኝ» ያለ አመልካች እስካሁን አልገጠመኝም።

ይልቅ ሥራውን ራሱን አሠሩት። ገንዘብ ያዥ ከሆነ የምትቀጥሩት፣ የተደባለቁ ደረሰኞችና ጉድለት ያለበት የቀን ሂሳብ ስጡትና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ጉድለቱን አገኘው? ካላገኘውስ «አልገጠመልኝም» ብሎ ጻፈ ወይስ ቁጥር ፈጥሮ አስማማው? ይቺን የሚያሳያችሁ መጠይቅ የለም።

ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ቅደም ተከተል፤ ጠያቂዎቹም ሳይመካከሩ ለየብቻ ነጥብ ይስጡ። (አለቃ ቀድሞ «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» ካለ ነጥቡ አለቀለት።) እነ ፖል ሳኬት በ2022 እ.ኤ.አ. የቀደሙ ጥናቶችን መልሰው ሲያሰሉ የሥራ ብቃትን በመተንበይ አንደኛ የወጣው እንዲህ ያለው ቃለ መጠይቅ ነው። የቀረውን በሙከራ ጊዜ እዩት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅድላችኋል።

የስብዕና መጠይቅ ጨርሶ አይረባም አልልም። ከቅጥር በኋላ፣ ፈቃደኛ ለሆኑ ሠራተኞች፣ ለቡድን መወያያ ይሆናል። ውጤቱ ግን የግል ማህደር ውስጥ አይግባ። ነገ የእድገት ውድድር ሲመጣ «እሷ እኮ ዝምተኛ ናት፣ ፋይሏ ላይ አለ» የሚል ኃላፊ አይጠፋም።