የመኪና ማዝጋን ለምን ይሸታል?

ጎንደር ላይ ሐምሌ የዝናብ ወር ነው። የእስራኤሏ ቂርያት ጋት ግን በሐምሌ አንዲት ጠብታ አታይም፤ ቀን ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ ሌሊት ከባሕሩ በኩል የሚመጣው እርጥበት የመኪናውን መስታወት ያላብሰዋል። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ሞተር አስነስቶ ቀበቶውን ሳያስር እጁን ወደ ማዝጋኑ ይሰዳል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹ ኤሲ ይሉታል። ነፋሱ ፊቱ ላይ ሲደርስ ግን ከቅዝቃዜው ቀድሞ ሽታው ይመጣል፤ ታጥቦ ሳይሰጣ ያደረ ልብስ ሽታ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በማቀዝቀዣው ጋዝ ላይ ያላክካል። የሽታው ቤት ግን ሌላ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ኢቫፖሬተር የሚባል የአሉሚኒየም ዕቃ አለ፤ ስስ ቆርቆሮዎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጠጋግተው የተደረደሩ ናቸው። በውስጡ የሚዘዋወረው ጋዝ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ እስኪቀረው ያቀዘቅዘዋል። ሞቃት አየር ሲነካው ከፍሪጅ እንደወጣ ጠርሙስ ያልበዋል። ላቡ ወደ ታች ተንጠባጥቦ በቀጭን ቱቦ ከመኪናው ሥር ይፈሳል። ስለዚህ በበጋ ከቆመ መኪና ሥር ኩሬ የምትሠራው ንጹሕ ውኃ የጤና ምልክት ናት። የሚያሳስበው መቅረቷ ነው፤ ቱቦው ከተደፈነ ውኃው ወደ ውስጥ ተመልሶ ምንጣፉን ያርሳል።

ሞተሩ ሲጠፋ ያ ዕቃ እርጥብ እንደሆነ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። አቧራ፣ የአበባ ብናኝና ከሰው ገላ የሚረግፍ ቅንጣት ተለጥፎበታል። መሶብ ውስጥ በትኩሱ ተከድኖ የሰነበተ እንጀራ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የቀረውን አይጠይቅም። ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባሉ፤ በማግስቱ ማራገቢያው ሲነሣ ትንፋሻቸው ወደ ተሳፋሪው ይመጣል። አስም ላለበት ልጅ ነገሩ ከሽታም ያልፋል።

የዘመናዊው አየር ማቀዝቀዣ ታሪክም የሚጀምረው ከእርጥበት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 መሣሪያውን የነደፈው ብሩክሊን ለሚገኝ ማተሚያ ቤት ነበር፤ እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠ ቀለሙን ያዛባ ነበርና። ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በ1939 ማቀዝቀዣ የተገጠመለት መኪና ለገበያ አቀረበ።

መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው ሽቶ ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። መጀመሪያ መታየት ያለበት የአየር ማጣሪያው ነው። በብዙ መኪና ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ይገኛል። በረሃማው የሻራቭ ነፋስ ከነፈሰ በኋላ አውጥቶ ማየት ነው፤ ነጭ የነበረው ወረቀት አመድ መስሎ፣ በእጥፋቶቹ መሐል ደረቅ ቅጠልና የነፍሳት ክንፍ ተሰግስጎበት ይወጣል። በዚያችው በቂርያት ጋት የኢንቴል ፋብሪካ ቺፕ የሚሠራበትን አየር ያለማቋረጥ ያጣራል፤ ሰው የሚተነፍሰው አየር ቢያንስ በዓመት አንዴ አዲስ ማጣሪያ አያንሰውም።

ማጣሪያው ተቀይሮም ሽታው ካልለቀቀ ኢቫፖሬተሩ ራሱ ይታጠባል። ለዚሁ የተሠራ አረፋ በፍሳሽ ቱቦው ወይም በማጣሪያው ቀዳዳ በኩል ይነፋበታል፤ ጥቂት ቆይቶ ቡናማ ውኃ ሆኖ ከሥር ይወርዳል። ከዚያ መስኮቶቹን ከፍቶ ማራገቢያውን ማሠራት ያስፈልጋል። አንዳንድ ጋራዦች ኦዞን ይጠቀማሉ። ኦዞን ሳንባን ይጎዳል፤ ሥራው ሲካሄድ ማንም መኪናው ውስጥ መቀመጥ የለበትም፣ ካበቃም በኋላ መኪናው በደንብ መናፈስ አለበት።

ከሁሉም የሚረክሰው ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። ከመንገድ 6 ወርዶ ወደ ቤቱ የተቃረበ ሹፌር የኤሲውን ቁልፍ አጥፍቶ ማራገቢያውን እንደከፈተ ይተወዋል። በእነዚያ አምስት ያህል ደቂቃዎች ነፋሱ ኢቫፖሬተሩን ያደርቀዋል። የውጭ አየር የሚያስገባውንም ቁልፍ አልፎ አልፎ መክፈት ይረዳል፤ ሁልጊዜ የውስጡን አየር ብቻ ማዞር የተሳፋሪውን ትንፋሽና ላብ መልሶ ማዞር ነው።

ሽታው እንደ ሽሮፕ ጣፋጭ ከሆነና የፊት መስታወቱን ቅባት መሰል ጉም ከሸፈነው ግን ጉዳዩ ሻጋታ አይደለም። ከማሞቂያው ራዲያተር መርዛማው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) እየፈሰሰ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ጋራዥ መውሰድ ይሻላል።