ቆራጮቹን ማን ይቆጣጠራል?

የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች ወደ 20,000 ይጠጋሉ። ከእነዚህ የሚወጡት ፕሮቲኖች ግን በዓይነት ከጂኖቹ ቁጥር እጅግ ይበልጣሉ። ለዚህ አንዱ ዋና ምክንያት ስፕላይሲንግ ነው። ከዲኤንኤ የተቀዳው ጥሬ አርኤንኤ ለሥራ ከመብቃቱ በፊት ኢንትሮን የሚባሉት ክፍሎቹ ተቆርጠው ይወጣሉ፤ የሚቀሩት ኤክሶኖች እርስ በርስ ይያያዛሉ። በአንጎል ሕዋስ ውስጥ የሚገባ ኤክሶን በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ሊዘለል ስለሚችል፣ አንድ ጂን ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ይሰጣል።

ነገሩ የታወቀው በ1977 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዴኖቫይረስን ሲያጠኑ በነበሩ ሁለት የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች ነው። የቫይረሱን መልእክተኛ አርኤንኤ ከራሱ ዲኤንኤ ጋር አጣምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ ዲኤንኤው በየቦታው ቀለበት እየሠራ ወደ ጎን ወጥቶ አዩት። ቀለበቶቹ በአርኤንኤው ላይ አቻ የሌላቸው፣ ተቆርጠው የቀሩ ክፍሎች ነበሩ። ፊሊፕ ሻርፕና ሪቻርድ ሮበርትስ ለዚህ በ1993 ኖቤል ተሸለሙ። ከሁለቱ ቤተ ሙከራዎች አንዱ በነበረበት በኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የማይክሮስኮፑን ሥራ የሠራችው ሉዊዝ ቻው ግን ከሽልማቱ ውጭ ሆነች፤ ያን ውሳኔ ፍትሐዊ ነው ብሎ መከራከር ቀላል አይደለም።

የትኛው ኤክሶን ይግባ፣ የትኛው ይዘለል የሚለውን በአብዛኛው የሚወስኑት ከአርኤንኤው ጋር የሚጣበቁ ፕሮቲኖች ናቸው። ኤስአር የሚባሉት ብዙውን ጊዜ ኤክሶን እንዲገባ ይገፋፋሉ፤ ኤችኤንአርኤንፒ የሚባሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይከለክላሉ። እዚህ ላይ ወሳኙ መጠን ነው። ከኤስአር ቤተሰብ አንዱ የሆነው ኤስአርኤስኤፍ1 መጠኑ ሲጨምር የአይጥ ሕዋስን ወደ ካንሰርነት እንደሚለውጥ በ2007 ታይቷል።

እንግዲህ የእነዚህን ፕሮቲኖች መጠን የሚጠብቀው ማን ነው? መልሱ ራሳቸው ናቸው የሚል ነው። በኤስአርኤስኤፍ3 ጂን ውስጥ ያለው አራተኛ ኤክሶን ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ፕሮቲኑ ሲያንስ ይህ ኤክሶን ይዘለላል፣ መልእክቱም ሙሉ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ግን ከራሱ አርኤንኤ ጋር ተጣብቆ ኤክሶኑን ያስገባዋል። ኤክሶኑ ደግሞ ያለ ጊዜው የመጣ የማቆሚያ ምልክት ይዟል። ሕዋስ እንዲህ ያለውን መልእክት ለይቶ የሚያጠፋበት ሥርዓት አለው፤ የማቆሚያው ምልክት ከመጨረሻው የኤክሶኖች መጋጠሚያ ከ50 የአርኤንኤ ፊደላት በላይ ቀድሞ ከተገኘ መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ ይወገዳል። ፕሮቲኑም ይቀንሳል። የራሱን ደመወዝ የሚቆርጥ ሒሳብ ሹም እንደማግኘት ነው። ይህ የኤስአርኤስኤፍ3 በራሱ ላይ መሥራት በ1997 ነበር የታተመው።

ፒቲቢፒ1 የሚባለው ፕሮቲን መንገዱን ይገለብጠዋል፦ ሲበዛ 11ኛው ኤክሶኑ እንዲዘለል ያደርጋል። ኤክሶኑ 34 ፊደላት አሉት። 34 ለሦስት ስለማይካፈል፣ በሦስት በሦስት ፊደል የሚነበበው መልእክት ከዚያ በኋላ ይዛባና የማቆሚያ ምልክት ይገጥመዋል። ይኸው ፕሮቲን ወንድሙን ፒቲቢፒ2ንም በተመሳሳይ ዘዴ ያፍነዋል። ሕዋሱ ወደ ነርቭ ሕዋስነት ሲለወጥ ፒቲቢፒ1 ይወርዳል፣ ፒቲቢፒ2 ይነሣል፣ የብዙ ሌሎች ጂኖች አቆራረጥም አብሮ ይቀየራል።

የዚህ ራስን የመቆጣጠር ዘዴ ክብደት ከሌላ አቅጣጫም ታየ። በ2004 ሳንታ ክሩዝ የሚገኙ ተመራማሪዎች በሰው፣ በአይጥና በአይጠ መጎጥ ዘንድ አንድም ፊደል ሳይለወጥ የቆዩ፣ ከ200 ፊደላት የማያንሱ 481 የዲኤንኤ ክፍሎች ማግኘታቸውን አሳወቁ። የሰው የዘር ግንድ ከሌሎቹ ከሁለቱ ከተለየ ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። እንዲህ የተጠበቀ ነገር ትልቅ ፕሮቲን የሚሠራ ይመስላል። በ2007 ግን በበርክሌይ የስቲቨን ብሬነር ቡድን ከእነዚህ ክፍሎች የተወሰኑት በኤስአር ጂኖች ውስጥ፣ እንደ ኤስአርኤስኤፍ3 አራተኛ ኤክሶን መልእክቱን በሚያስወግዱ፣ መርዘኛ ኤክሶን በሚባሉት ላይ እንደሚያርፉ አሳየ። በእነዚህ ቦታዎች ተፈጥሮ ያን ያህል ዘመን የጠበቀችው ፕሮቲን የሚሠራውን ሳይሆን ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያደርገውን ነው። ለዚህ ቁጥጥር ጥቂት ፊደላት በበቁ ነበር፤ ሁሉም ለምን እንደተጠበቁ እስካሁን አጥጋቢ ማብራሪያ አልተገኘም።

የዕውቀቱ ፍሬ ሕክምና ላይ ደርሷል። ኤስአርኤስኤፍ1ን አንጥረው ካወጡት አንዱ የሆነው አድሪያን ክሬነር፣ የሕፃናትን ጡንቻ የሚያከሳውን ኤስኤምኤ የተባለ በሽታ ለማከም በሚውለው ኑሲነርሰን የተባለ መድኃኒት ሥራ ውስጥ ዋና ድርሻ አለው። መድኃኒቱ 18 ፊደላት ያሉት አርኤንኤ መሰል ቁራጭ ነው፤ ኤስኤምኤን2 በተባለው ጂን አርኤንኤ ላይ ተለጥፎ፣ ሲዘለል የነበረውን ሰባተኛ ኤክሶን ያስገባዋል። በአሜሪካ በታኅሣሥ 2016 ሲፈቀድ አምራቹ ለመጀመሪያው ዓመት 750,000 ዶላር፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ 375,000 ዶላር ጠየቀበት። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ከአምራቹ ጋር የተስማማው በ2019 ነበር፤ የተስማሙበት ዋጋ ግን ለሕዝብ አልተገለጸም።