ከተወዳዳሪው ጀልባ ይልቅ የጎረቤት ጀልባ

በየዓመቱ በሐምሌ መገባደጃ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት መጀመሪያ ላይ፣ የሲያትል ከተማ ሕዝብ ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ይወርዳል። ሲፌር የተባለው የከተማዋ የበጋ በዓል በዚያን ሰሞን ይጠናቀቃል፤ ሃይድሮፕሌን የሚባሉት የውድድር ጀልባዎች ይሽቀዳደማሉ፣ ብሉ ኤንጅልስ የተባሉት የባሕር ኃይል ጄቶችም በሐይቁ ላይ ትርዒት ያሳያሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትና የሚነግዱበት ሬይነር ቫሊ ከውድድሩ ዳርቻ ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ ነገሩ የወገኖቻችንም ጉዳይ ነው። ገሚሱ ሕዝብ ሣር ላይ ተቀምጦ ያያል። ሌላው ደግሞ በራሱ፣ በወዳጁ ወይም በተከራየው ጀልባ ውሃው ላይ ወጥቶ፣ ከነልጆቹና ከነምግቡ እዚያው ይውላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በጀልባ የወጣውን ተመልካች ነው። የዚህን ሰው ደኅንነት የምናስብ ሁሉ ዓይናችንን ወደ ተወዳዳሪዎቹ ስለምንጥል ትልቁን አደጋ እንስተዋለን ባይ ነኝ። ተመልካቹን ከተወዳዳሪው ጀልባ የሚጠብቀው ርቀት ነው፤ ርቀቱን ደግሞ መንግሥት ለክቶ አስቀምጦለታል። ከጎረቤቱ ጀልባና ከራሱ ግን ማንም ለክቶ ሊጠብቀው አይችልም።

ይህን ስል የተወዳዳሪዎቹን አደጋ አቃልዬ አይደለም። ትልልቆቹ ሃይድሮፕሌኖች የሚነዱት ቺኑክ ለሚባለው ወታደራዊ ሄሊኮፕተር በተሠራ ተርባይን ሞተር ነው። ቀጥ ባለው መስመር ላይ በሰዓት ወደ 320 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ፤ ይህም በአንድ ሰከንድ 90 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ፍጥነት ጀልባው ውሃውን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ሲሆን አብዛኛውን ክብደቱን የሚሸከመው ከሥሩ የሚገባው አየር ነው። አፍንጫው ከልኩ በላይ ቀና ካለ ያው አየር አንሥቶ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ነጂ ቢል መንሲ እ.ኤ.አ. በ1981 አካፑልኮ ላይ በእንዲህ ያለ አደጋ ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላው ነጂ ዲን ቼኖዌትም ሕይወቱን በውድድር ዝግጅት ላይ አጣ። ከዚያ በኋላ የነጂው መቀመጫ ከኤፍ 16 ተዋጊ ጄት በተወሰደ ጠንካራ ሽፋን እየተከደነ መሠራት ጀመረ፤ ብዙ ነጂዎችም ከመገልበጥ በሕይወት ወጡ። ነጂው ዛሬ የራስ ቁር፣ ቀበቶና የተዘጋ ካቢን አለው። ተመልካቹ ግን በዋና ልብስ፣ ክፍት ጀልባ ላይ ነው የተቀመጠው።

መንሲ ከመሞቱ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት በዚሁ በዋሽንግተን ሐይቅ የገጠመው አደጋ ለተመልካቹ የበለጠ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1958 በጎልድ ካፕ ውድድር ላይ ይነዳት የነበረችው ሚስ ትሪፍትዌይ የተባለች ጀልባ መሪዋ ከዳት። መታጠፍ በነበረባት ቦታ ሳትታጠፍ ቀጥ ብላ ሄዳ ከውድድሩ ክልል ዳር የቆመችውን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የቅኝት ጀልባ መታች። የቅኝት ጀልባዋ ሰጠመች፤ መንሲም ተጎድቶ ተረፈ። እዚያ ቦታ ላይ በሥራ ላይ የነበሩ የሠለጠኑ ሰዎች በመቆማቸው እንጂ፣ አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። በመኪና ውድድር ይህ ችግር ከባድ ዋጋ ካስከፈለ በኋላ ነው መፍትሔ የተፈለገለት፤ እ.ኤ.አ. በ1955 በፈረንሳይ ለማን ከተማ አንድ መኪና ወደ ሕዝቡ ገብቶ ከ80 በላይ ሰዎች ከሞቱ ወዲህ የውድድር ሜዳዎች በተመልካቹና በመንገዱ መካከል ያለውን መከላከያ አጠናከሩ። ውሃ ላይ ግን ግንብ አይቆምም፤ ቢቆምም ተወዳዳሪውን ይገድላል። በሲያትል ያለው ጫፍና ጫፋቸው ተያይዞ ውሃው ላይ የተንሳፈፈ የግንድ መስመር ነው፤ የተመልካች ጀልባዎች ከእሱ ጋር ይታሰራሉ። ግንዱ በዚያ ፍጥነት የሚመጣን ጀልባ ያቆማል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። የግንዱ ሥራ ተመልካቹ ከዚያ እንዳያልፍ መያዝ ነው። የቀረውን የሚሠራው ባዶ የተተወው ውሃ ነው።

ባዶውን ውሃ ባዶ አድርጎ የማቆየት ሥልጣን ለአሜሪካ መንግሥት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1908 በወጣ ሕግ ነው። ሕጉ በጀልባ ውድድርና በውሃ ላይ ሰልፍ ወቅት የሰው ሕይወት እንዲጠበቅ ደንብ ማውጣትን ይፈቅዳል፤ ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ነው። አዲስ ውድድር ለማዘጋጀት የሚፈልግ ወገን ማመልከቻውን ከ135 ቀናት በፊት ማስገባት አለበት። በየዓመቱ ሳይለወጥ ለሚደገም ዝግጅት 60 ቀን ይበቃል። ለሲያትሉ ውድድር የወጣው ልዩ ደንብ ሐይቁን ከኢንተርስቴት 90 ድልድይ ጀምሮ ወደ ደቡብ በሁለት ቀጠና ይከፍለዋል። የውድድሩ መስመር ያለበት ምዕራባዊው ቀጠና ፈቃድ ለሌለው ጀልባ ዝግ ነው፤ ምሥራቃዊው፣ ወደ መርሰር ደሴት ያለው፣ ለተመልካቹ ክፍት ሆኖ ጥበቃ ይደረግበታል። የምዕራቡ ቀጠና ነገር የተሠራ ሥራ ነው፤ ጠባቂዎቹ ያውቁበታል፣ መስመሩም ግልጽ ነው።

የምጨነቀው ለምሥራቁ ቀጠና ነው። ደንቡን ላነበበው አብዛኛው አንቀጽ ስለ ሃይድሮፕሌን አያወራም። በክልሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ማንኛውም ጀልባ በሰዓት ከ7 ማይል፣ ማለትም ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ያዛል። ከግንዱ ጋር የሚታሰሩ ጀልባዎች ጎን ለጎን ከሦስት እንዳይበልጡ፣ ከግንዱ ርቀው እርስ በርስ የሚታሰሩት ደግሞ ከስድስት እንዳያልፉ ይከለክላል። ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ከጀልባው ከ10 ጫማ፣ ከሦስት ሜትር ገደማ፣ እንዳይርቅ ይደነግጋል። ያልተፈቀደለት ጀልባ በአየር የተነፋ መንሳፈፊያ እየጎተተ እንዳይዞርም ያግዳል። ለምን እንዲህ ያለ ዝርዝር? ደንቡን የጻፉት ሰዎች ሕዝብ በውሃ ላይ ሲጨናነቅ ምን እንደሚሆን ስላወቁ ነው። አሥር ጀልባ አንድ ላይ ታስሮ የመሐለኛው ቢቃጠል በቶሎ ፈትቶ የሚወጣ የለም፤ የነፍስ አድን ጀልባም መግቢያ አያገኝም። ጎን ለጎን በታሰሩ ሁለት ጀልባዎች መካከል የገባን የልጅ እጅ ለመጨፍለቅ ደግሞ አንድ ሞገድ ብቻ ይበቃል።

ስለ ሞገዱ ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ሰው የሚያማርረው በፍጥነት ገደቡ ነውና። «ሰባት ማይል? በእግር ብሄድ ይሻለኛል» የሚል ሰው ጀልባ በዝግታ ሲሄድ ትንሽ፣ ሲፈጥን ትልቅ ሞገድ የሚያነሣ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ ቀጥተኛ አይደለም። የመዝናኛ ጀልባ ትልቁን ሞገድ የሚያነሣው በመካከለኛ ፍጥነት፣ አፍንጫው ተነሥቶ የኋላው በሰመጠበት፣ በውሃው ላይ ገና መንሸራተት ባልጀመረበት ሰዓት ነው። «ብዙ አልፈጥንም፣ ትንሽ ብቻ ልጨምር» የሚለው ሰው ራሱን ጥንቁቅ እያለ ከሁሉ የባሰውን ሞገድ በታሰሩት ጀልባዎች ላይ ይለቃል። ስድስት ሜትር ለሚያህል ትንሽ ጀልባ 7 ማይል ራሱ ጠርዝ ላይ ያለ ፍጥነት ነው፤ ደንቡ የጥበቃው አዛዥ ገደቡን ከዚያም ዝቅ እንዲያደርግ ሥልጣን የሰጠው አለምክንያት አይደለም። ይኸው ገደብ ውድድሩ አብቅቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስም የጸና ነው። እኔ ከቀኑ ሁሉ አስጊው ያ ሰዓት ይመስለኛል። ነጂው ሙሉ ቀን ፀሐይ መትቶታል፣ ደክሟል፣ ምናልባትም ጠጥቷል፤ ሁሉም ለመውጣት ይቸኩላል፤ የጥበቃው ትኩረት የነበረው ውድድርም አልፏል።

የዓይን ምስክር የሌለው አደጋም አለ። ሞተሩን ወይም ጄኔሬተሩን ሳያጠፋ የቆመ ጀልባ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተፋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከጀልባው ኋላ ባለው የመዋኛ መድረክ አካባቢና በተጠጋጉ ጀልባዎች መካከል ይጠራቀማል። እዚያ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የተቀመጠ ሰው ራሱን ስቶ ውሃው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ጠላቂው ዝም ብሎ ስለሚሄድ ጎረቤቱ ሰጠመ ሳይሆን ዋኘ ይላል። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ሰው በመዋኛው መድረክ ላይ ሳለ ወይም ይዞት ሳለ ሞተር ማሠራትን የከለከለው ለዚህ ነው። ክልከላው የሚሠራው ግን ነጂው ዘወር ብሎ ኋላውን ሲያይ ብቻ ነው።

ማስረጃውን በቁጥር ለሚሻ፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ የሚያወጣው የመዝናኛ ጀልባ አደጋ ዘገባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 በመላው አሜሪካ 564 ሰዎች ሞተዋል። የአሟሟታቸው ምክንያት ከታወቀው ውስጥ 75 በመቶው የሰጠሙ ናቸው፤ ከሰጠሙትም 87 በመቶው የነፍስ አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር። ለሞት ካበቁት የታወቁ ምክንያቶች ቀዳሚው አልኮል ነው። እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቁጥሮቹ የአገሪቱን ውሃ ሁሉ የሚመለከቱ እንጂ የውድድር ቀን ቁጥሮች አይደሉም። ልክ ነው። እንዲያውም በውድድር ቀን ጥበቃው ስለሚበዛ አንድ ሰው ቢወድቅ ከሌላው ቀን ይልቅ ቶሎ ይደረስለታል ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን ሰው የሚገድሉት ነገሮች፣ ማለትም መጠጥ፣ ያልተለበሰ ጃኬትና ያልሠለጠነ ነጂ፣ በዚያ ቀን አይቀንሱም። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ጀልባ የሚያወጣው ሰው የሚያወጣው በዚያው ቀን ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የነጻነት ነው። ሐይቁ የሕዝብ ነው፤ ለጥቂት ተወዳዳሪዎችና ለስፖንሰሮቻቸው ተብሎ ለምን ይዘጋብናል የሚሉ አሉ። ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ የሕዝብ ውሃ ያለ በቂ ምክንያት ሊዘጋ አይገባም። ግን መዘጋቱ የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ስፍራ አለው፣ ደንቡም አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ የሐይቁ ሌላው ክፍልም ክፍት ነው። ውድድሩስ ይቅር የሚሉት ወገኖች ደግሞ ከተማው ከዚህ ስፖርት ጋር ያለውን ትስስር ይዘነጋሉ። ስሎ ሞ ሹን 4 የተባለችው ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለምን የውሃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚሁ ሐይቅ ላይ ሲሆን፣ የጎልድ ካፕ ውድድርም በቀጣዩ ዓመት ከዲትሮይት ወደ ሲያትል የመጣው በእሷ ድል ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የቆየ የሕዝብ ደስታ ተመልካቹ ሥርዓት ካልያዘ በቀር የሚሰረዝበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ መጠጥ የሚነሣው ክርክር ግን አያሳምነኝም። «ጎልማሳ ነኝ፣ የእረፍት ቀኔ ነው፣ መንገድ ላይ አይደለሁም» ይባላል። ሕጉ ተሳፋሪው እንዳይቀምስ አልከለከለም፤ የከለከለው ነጂውን ነው። በዋሽንግተን ግዛት የጀልባ ነጂ የደም አልኮል ወሰን እንደ መኪናው 0.08 ነው፤ የጣሰው እስከ 364 ቀን እስራትና እስከ 5 ሺህ ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። ጀልባ ደግሞ ፍሬን የለውም፣ ውሃውም ላይ የተሰመረ መንገድ የለም፤ ፀሐይ፣ የሞተር ጩኸትና የሞገድ መወዛወዝ ሰውን ያለ መጠጥም ያደክሙታል። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው፣ የሲያትል ፖሊስ የወደብ ክፍልና በጎ ፈቃደኞቹ ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ እንኳ በየጀልባው ማን ስንት እንደጠጣ አያውቁም። የሚያውቀው አብሮ የተሳፈረው ነው፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ የእሱም ነው።

በሲያትልም ሆነ ሌላ ውድድር ባለበት ከተማ የምትኖሩና በወዳጅ ጀልባ የተጋበዛችሁ ወገኖች ከመሳፈራችሁ በፊት ነጂውን ጠይቁት። ሲመለስ የሚነዳው ማን ነው? እሱስ አይጠጣም? በሰው ልክ ጃኬት አለ? ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ዕድሜው እስከ 12 ዓመት የሆነ ልጅ ጃኬት መልበሱ በግዛቱ ሕግ ግዴታ ነው፤ ጀልባው ከዚያ ቢበልጥም ልጃችሁን አልብሱት፣ መዋኘት የማትችሉ ደግሞ እናንተም ልበሱ፤ ጃኬት ወንበር ሥር ተቀምጦ ማንንም አላዳነም። ከጥበቃ ጀልባ አጫጭር የፉጨት ወይም የጥሩምባ ድምፅ ተደጋግሞ ሲሰማ ትእዛዙ ቁሙ ማለት መሆኑን ነጂው ያውቅ እንደሆነም አጣሩ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ ካላገኛችሁ አትሳፈሩ። የሲያትሉ ውድድር ሐይቁ ዳር ካለው ጄኔሲ ፓርክ ሣር ላይም በደንብ ይታያል።